ጥያቄና መልስ፦ ቶርኖ ቤት ትክክለኛ ዋጋ እንዲሰጥዎ ምን ይንገሩት?

በቶርኖ (ዕቃውን እያዞረ በሚቆርጥ)፣ በፍሬዛ (መቁረጫው እየዞረ በሚቆርጥ) እና በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚመራ) ማሽን ስለሚሠሩ የማሽን ክፍሎች ዋጋ የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም ሰብሰብ አድርገን እንመልሳለን። የሚመሳሰሉትን አጣምረናል፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ ወፍጮ ቤት አለን። የወፍጮው ሻፍት ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቶ ኩሽኔታው በላዩ ላይ መንሸራተት ጀምሯል። አሮጌውን ሻፍት ይዘን ሦስት ቶርኖ ቤት ዞርን። ትልቁ ዋጋ የትንሹን ሦስት እጥፍ ነው። ማንኛቸውን እንመን?

መልስ፦ ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ የነገሯችሁ ግን ለሦስት የተለያየ ሥራ ነው። አንደኛው የተበላውን በብየዳ ሞልቶ መልሶ በቶርኖ ሊያስተካክለው አስቦ ይሆናል። ሁለተኛው ገበያ ላይ በቀላሉ ከሚገኘው ለስላሳ ብረት አዲስ ሻፍት ያወጣል። ሦስተኛው ሲ45 የሚባለውን ጠንከር ያለ ብረት ገዝቶ፣ የኩሽኔታውን ቦታ በግራይንደር (በሚዞር ድንጋይ ፈግፍጎ በሚያስተካክል ማሽን) ጨርሶ ያስረክባል። «ይህን የመሰለ ሥሩልን» ብቻ ስለተባሉ ያልተነገራቸውን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ግምት ሞሉት። ጠንቃቃው ባለሙያ ያላወቀውን ነገር በዋጋው ላይ ይጨምረዋል፤ ችኩሉ ደግሞ ይተወውና ሥራው መሃል ላይ ሲደርስ ጭማሪ ይጠይቃል። ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደር በፊት ሦስቱንም አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ይቀድማል።

በብየዳ መሙላት ርካሽ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚዞርና ብዙ ጭነት ለማይሸከም ዘንግ ያገለግላል። ለወፍጮ ሻፍት ግን አንመክረውም። ሲ45 ውስጥ 0.45 በመቶ ገደማ ካርቦን አለ። እንዲህ ያለው ብረት ቀድሞ ሳይሞቅ ተበይዶ ቶሎ ከቀዘቀዘ፣ ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል ይደነድንና ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። የቺንጋው መጎተት ሻፍቱን በእያንዳንዱ ዙር ስለሚያጎብጠው ስንጥቁ እያደገ ሄዶ፣ አንድ ቀን ሻፍቱ ውፍረቱ ከሚቀየርበት ትከሻ ላይ ይቆረጣል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚፈጠረው ልኬት ላይ ነው። ቶርነሩ ያመጣችሁትን ሻፍት በካሊፐር ሲለካው የተበላው ቦታ 49.7 ሚሊሜትር ይላል እንበል። በታማኝነት 49.7 አድርጎ ቢሠራላችሁ፣ አዲሱ ሻፍት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኩሽኔታውን አይዝም። ትክክለኛው ልኬት የሚገኘው ከኩሽኔታው ነው። በጎኑ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። 6310 ከሆነ ውስጡ 50፣ ውጭው 110፣ ስፋቱ 27 ሚሊሜትር ነው፤ ሻፍቱ በዚያ ቦታ ላይ ከ50.002 እስከ 50.018 ቢሆን ኩሽኔታው ጠበቅ ብሎ ይቀመጣል። ከነቤቱ የሚሸጠው ዩሲፒ 210 ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእሱም ቀዳዳ 50 ነው፤ ሻፍቱን የሚይዘው ግን በትንንሽ ቪቴ ስለሆነ ሻፍቱ ከ50.000 መብለጥ የለበትም። ከ49.975 እስከ 50.000 ይበቃዋል። በአፍ ሲነገር ሁለቱም «ሃምሳ ሚሊ» ናቸው። የመጀመሪያው ማይክሮሜትር (ከካሊፐር ይበልጥ አጥርቶ የሚለካ መሣሪያ)፣ ብዙ ጊዜም ግራይንደር ይጠይቃል፤ ሁለተኛው በደህና ቶርኖ ያልቃል። አዲሱን ኩሽኔታ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሻፍቱ ጋር ለባለሙያው ብትሰጡት ደግሞ ግምት የሚባል ነገር አይኖርም።

ቀጥሎ ፑሊውን ከሻፍቱ ጋር የሚያስረው ኪይ አለ። ፑሊው የሚቀመጥበት ቦታ 45 ሚሊሜትር ከሆነ፣ በተለመደው የሜትሪክ ደረጃ ኪዩ 14 በ9 ነው፤ በሻፍቱ ላይ ያለው ቦይ ጥልቀት 5.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ቦዩ የሚቆረጠው በፍሬዛ ነው። ፍሬዛ የሌለው ቶርኖ ቤት ጎረቤት ልኮ ያስቆርጣል፤ ይህ ዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ጠይቁ። ጫፉ ላይ ጥርስ ካለም ዳዶውን ይዛችሁ ሂዱ። ግማሽ ኢንች ጥርስ በእንግሊዙ ዊትወርዝ በአንድ ኢንች 12፣ በአሜሪካው ዩኤንሲ 13 ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ከሠሩት ዳዶው ጥቂት ዙር ይገባና ይነክሳል።

የብረቱን ድርሻ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ዲያሜትሩን በሚሊሜትር በራሱ አባዙት፣ ውጤቱን በ0.00617 አባዙት፤ የሚመጣው የአንድ ሜትር ክብ ብረት ክብደት በኪሎ ነው። የሻፍታችሁ ወፍራሙ ክፍል 60፣ ርዝመቱ 900 ከሆነ፣ የሚገዛው ብረት 65 ውፍረትና 920 ርዝመት ያለው ነው። 65 በ65፣ ከዚያ በ0.00617 ሲባዛ በሜትር 26 ኪሎ ይሆናል፤ ለ920 ሚሊሜትር ደግሞ 24 ኪሎ ገደማ። የዕለቱን የኪሎ ዋጋ ከብረት ሻጭ ጠይቃችሁ በ24 ስታባዙት፣ ከተነገራችሁ ዋጋ ውስጥ ስንቱ የብረት፣ ስንቱ የሥራ እንደሆነ ይለያል። ተቆርጦ የሚወድቀውም ብረት የሚከፈልበት ስለሆነ የተጠናቀቀውን ሻፍት መመዘን አያዋጣም።

እንግዲህ ለሦስቱም እንዲህ ብላችሁ በአንድ ቃል ጻፉ (አርኤ የገጽ ሻካራነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ገጹ ይለሰልሳል)፦

«የወፍጮ ሻፍት፣ ብዛት 1፤ 2 ቢሆን የሚኖረውንም ዋጋ ንገሩን። አዲስ ሲ45 ብረት ከእናንተ። ርዝመት 900፣ ትልቁ ዲያሜትር 60። ሁለት የኩሽኔታ ቦታ፣ ለ6310፣ ከ50.002 እስከ 50.018፣ የገጽ ልስላሴ አርኤ 0.8። የፑሊ ቦታ 45፣ የ14 በ9 ኪይ ቦይ ከነኪዩ። በኩሽኔታ ቦታዎቹ ተደግፎ ሲዞር የፑሊው ቦታ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ እንዳይዋዥቅ። ብየዳ አይፈቀድም። የብረቱንና የሥራውን ዋጋ ለይታችሁ፣ ቫት ያለውና የሌለው፣ የሚያልቅበትንም ቀን ጨምራችሁ።»

አብሮ ንድፍ ይኑረው። በእጅ የተሳለ ቢሆንም ችግር የለውም፤ እያንዳንዱ ደረጃ ርዝመቱና ዲያሜትሩ ተጽፎበት ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ይለካ። መሳል የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በአቅራቢያችሁ ያለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህር ወይም ተማሪ ይሥራላችሁ።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ጥርሱ የረገፈ ጊር አለን፤ ፋብሪካው የት እንደሆነ አይታወቅም። ቶርኖ ቤቱ «ሞጁሉ ስንት ነው?» ይለናል። ሳናውቀው ዋጋ ማግኘት አንችልም?

መልስ፦ ሞጁል የጊር ጥርስን ትልቅነት የሚገልጽ ቁጥር ነው፤ በካሊፐር ታገኙታላችሁ። ጥርሶቹን ቁጠሩ፤ የረገፉትንም በቦታቸው ቁጠሯቸው። ብዙ ያልተበላ ቦታ ፈልጋችሁ ከጥርስ ጫፍ እስከ ትይዩው ጥርስ ጫፍ ለኩ። ያገኛችሁትን ዲያሜትር፣ በጥርሱ ብዛት ላይ 2 ጨምራችሁ ለሚመጣው ቁጥር አካፍሉ። 24 ጥርስና 77.8 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 77.8 ለ26 ሲካፈል 2.99 ይሆናል። ሞጁሉ 3 ነው፤ አዲሱ ጊር ውጭው 78 ሆኖ ይሠራል፤ የጎደለችው 0.2 የተበላችው ናት።

ውጤቱ 2.54 አካባቢ ከመጣ ጊሩ በኢንች ሥርዓት የተሠራ፣ ዲያሜትራል ፒቹ (በኢንች ሥርዓት የጥርስ መጠን መለኪያው) 10 የሆነ ሊሆን ይችላል። «2.5 እናድርገው» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ፤ ጥርሱ ከጓደኛው ጋር ሲገናኝ ይጮኻል፣ ቶሎም ይበላል። ማረጋገጫው የሁለቱ ዘንጎች መሃል ለመሃል ርቀት ነው። 24 እና 60 ጥርስ ያላቸው ሞጁል 3 ጊሮች ከሆኑ ሁለቱ ተደምረው 84፣ በ3 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 126 ሚሊሜትር መምጣት አለበት። ሳጥኑ ላይ ለክታችሁ ይህ ካልመጣ አንድ ነገር ተሳስቷል፤ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት መልሳችሁ ቁጠሩ። ጥርሱ ሰያፍ ከሆነ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። ሁለቱንም ጊሮች ይዛችሁ መሄድ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ አለ። በፍሬዛ ጊር የሚቆረጥበት መቁረጫ ለእያንዳንዱ ሞጁል 8 ቁጥሮች አሉት፤ ቁጥር 4 የሚያገለግለው ከ21 እስከ 25 ጥርስ ላለው ነው። ስለዚህ «ሞጁል 3 ቁጥር 4 አላችሁ?» በሉ። የሌለው ወርክሾፕ ለእናንተ ሲል ይገዛና ዋጋውን በአንድ ጊር ላይ ይጭነዋል፤ ያለው ግን የሥራ ሰዓቱን ብቻ ያስባል። ከዚህ ሌላ የጥርሱን ወርድ፣ የመሃል ቀዳዳውን፣ የኪዩን ቦይና ጥርሱ መጠንከር ያለበት መሆኑን ጻፉ። ጓደኛውም ጊር ክፉኛ ተበልቶ ከሆነ ለሁለቱም ዋጋ ጠይቁ፤ የተበላ ጥርስ አዲሱን ይበላዋል።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ፦ ለማሸጊያ ማሽን የሚሆን የአልሙኒየም ክፍል በኮምፒውተር ነድፌ ፋይሉን ለሁለት ሲኤንሲ ወርክሾፖች ላክሁ። ሞዴሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ዋጋውም ሰማይ ነክቷል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሞዴል ቅርጽን እንጂ ፍላጎትን አይናገርም። ቀዳዳው 10 ሚሊሜትር መሆኑን ያሳያል፤ ቡሎን የሚያልፍበት ይሁን ፒን የሚጠብቅበት አያሳይም። ጥርስ ያለው ቀዳዳ በብዙ ሞዴሎች ላይ እንደ ተራ ቀዳዳ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሁለት ፋይል ይላኩ፦ ለማሽኑ የሚሆን ስቴፕ ፋይል፣ ለሰው የሚነበብ ፒዲኤፍ ንድፍ። ለሦስት አቅጣጫ ማተሚያ የሚሆነውን ኤስቲኤል አይላኩ፤ ክብ የሆነውን ሁሉ በትንንሽ ሦስት ማዕዘን ስለሚከፋፍለው ትክክለኛ ልኬት ሊወጣለት አይችልም።

ዋጋውን ሰማይ ያደረሰው ግን ቶለራንሱ፣ ማለትም ልኬቱ እንዲበልጥ ወይም እንዲያንስ የሚፈቀድለት መጠን፣ ይመስለናል። ብዙ ነዳፊዎች የሶፍትዌሩን ቅንብር ሳይነኩት ሁሉንም ልኬት በሁለት ዲሲማል፣ ግርጌው ላይም «±0.01» ብለው ይልካሉ። ወርክሾፑ ያንን አምኖ ከተቀበለ የማንንም ማሽን የማይነካ የውጭ ጠርዝ ሳይቀር በመቶኛ ሚሊሜትር ሊጠብቅና ሊለካ ነው። ለአብዛኛው ልኬት አይኤስኦ 2768 የተባለው ዓለም አቀፍ የቶለራንስ መመዘኛ መካከለኛ ደረጃ ይበቃል፤ ከ6 እስከ 30 ሚሊሜትር ላለው ±0.2፣ ከ30 እስከ 120 ለሆነው ±0.3፣ ከ120 እስከ 400 ለሆነው ±0.5 ይፈቅዳል። ጠባቡን ቶለራንስ ኩሽኔታና ፒን ለሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ብቻ ያስቀምጡ። የገጽ ልስላሴም እንዲሁ ነው። አርኤ 3.2 የተለመደ የማሽን ሥራ ነው፤ 0.8 የሚያስፈልገው ኩሽኔታ፣ የዘይት ማኅተም ወይም ተንሸራታች ክፍል የሚነካው ቦታ ላይ ነው።

ከዚያ የውስጥ ማዕዘኖችን ይዩ። የፍሬዛ መቁረጫ ክብ ስለሆነ የኪስ (ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ቦታ) ማዕዘን ሹል ሊሆን አይችልም። 30 ሚሊሜትር ጥልቀት ባለው ኪስ ላይ 2 ሚሊሜትር ራዲየስ ከጻፉ፣ በ4 ሚሊሜትር መቁረጫ ከውፍረቱ ሰባት እጥፍ በላይ ጠልቀህ ቁረጥ ማለትዎ ነው። መቁረጫው ይጎብጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰበራል፤ ስለዚህ ባለሙያው በጣም በቀስታ ያስኬደዋል፣ ሰዓቱንም ያስከፍላል። ራዲየሱን 6 ቢያደርጉት የ10 ሚሊሜትር መቁረጫ ይገባል፤ ሥራው በእጅጉ ያጥራል። እዚያ ኪስ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ሹል ማዕዘን ካለው የዕቃውን ጫፍ መቁረጥ ይቀላል።

አልሙኒየሙንም «አልሙኒየም» ብለው አይተዉት፤ የዓይነቱን ቁጥር ይጻፉ፤ 6061 ለአብዛኛው ሥራ ደህና ነው፣ 7075 ጠንካራና ውድ ነው። አኖዳይዝ የሚደረግ (ገጹ በኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋን የሚያበጅ) ከሆነ ልኬቱ ከሽፋኑ በፊት ይሁን በኋላ ይጻፉ። ሽፋኑ ከውፍረቱ ግማሽ ያህሉን ወደ ውጭ ስለሚያድግ ጠባብ ቀዳዳ ይበልጥ ይጠብባል።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ የአንዱ ዋጋና የአሥሩ ዋጋ ለምን በአሥር እጥፍ አይለያይም? አንድ ብቻ ሲፈለግስ ለምን ይወደዳል?

መልስ፦ ማሽኑን ማዘጋጀት፣ ፕሮግራም መጻፍ፣ መቁረጫ መቀየርና ዕቃውን አስተካክሎ መያዝ አንድ ጊዜ ነው የሚደረገው። ዝግጅቱ 2 ሰዓት፣ አንዱን መቁረጥ 20 ደቂቃ ከፈጀ፣ አንዱ ብቻ 140 ደቂቃ ይወስዳል። አሥር ሲሆኑ በአማካይ 32 ደቂቃ ይደርሳቸዋል፣ መቶ ሲሆኑ 21 ደቂቃ። ከመቶ በላይ መቀነሱ እምብዛም ነው። ስለዚህ «ብዙ አዛለሁ» ብሎ በአፍ ቅናሽ ከመጠየቅ የ1፣ የ5፣ የ10 እና የ50 ዋጋ በአንድ ወረቀት አስጽፉ።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ የግዥ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን ዝቅተኛውን መረጥን፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ከሦስቱም በላይ ከፈልን። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ፕሮፎርማው ያልጻፈው ነገር ሁሉ በኋላ ሒሳብ ሆኖ ይመጣል። መጀመሪያ 15 በመቶ ቫት መካተቱን ይዩ፤ አንዱ ከነቫቱ፣ ሌላው ያለ ቫት ከጻፈ ዝቅተኛ የሚመስለው ዝቅተኛ ላይሆን ይችላል። ከዚያ ብረቱን ማን ያቀርባል? እናንተ የምታቀርቡ ከሆነ ወርክሾፑ ቢያበላሸው ማን ይተካል? ይህንን ሳይጽፉ ውድ ብረት ማስረከብ ትልቅ አደጋ ነው። ማጠንከር ካለ ደግሞ ከማጠንከር በኋላ የሚደረገው ግራይንዲንግ መካተቱን ጠይቁ። ብረት ተግሎ በዘይት ወይም በውሃ ሲነከር ይጣመማል፤ ስለዚህ ጠባብ ልኬት ላይ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ትርፍ ይተዉና በኋላ በግራይንደር ያነሱታል። ይህን የረሳ ፕሮፎርማ ርካሽ መምሰሉ አይቀርም።

የዋጋውን ፀንቶ መቆያ ቀንም ተመልከቱ። የብረት ዋጋ ከውጭ ምንዛሪ ጋር ስለሚንቀሳቀስ ብዙ ቤቶች አጭር ጊዜ ብቻ ይሰጣሉ፤ የእናንተ ኮሚቴ ለመፈረም ከዚያ በላይ ከፈጀበት ያወዳደራችሁት ዋጋ ዋጋ አይደለም። «በ15 ቀን» የሚለውም ከትዕዛዙ ቀን ነው፣ ቅድመ ክፍያ ከገባበት ቀን ነው ወይስ ብረቱ ከተገኘበት? አስጽፉት። ርክክብ ላይ የትኞቹ ልኬቶች በምን መሣሪያ እንደሚለኩም ከትዕዛዙ ጋር ይያያዝ፤ ዕቃው ከመጣ በኋላ በካሊፐርና በማይክሮሜትር መካከል መከራከር ጉልበት መጨረስ ነው።

ጥያቄ፣ ከቨርጂኒያ፦ ጅማ ያለ ወንድሜ የቡና መፈልፈያ ማሽኑ ክፍል ተሰብሮበት ንድፉን በስልክ ፎቶ ላከልኝ። እዚህ አሜሪካ ላሠራለት ነው። ወርክሾፑ ምን ሊሳሳት ይችላል?

መልስ፦ ሁለት ነገር። የመጀመሪያው ኢንች ነው። ንድፉ ላይ በጉልህ «ሁሉም ልኬት በሚሊሜትር» ተብሎ ይጻፍ፤ ጥርሶቹም ኤም10 (የ10 ሚሊሜትር ቡሎን ጥርስ) ብቻ ሳይሆን፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ተጨምሮ ኤም10 በ1.5 ወይም ኤም10 በ1.25 ተብለው ይለዩ። ሁለተኛው የንድፍ አቀማመጥ ነው። በአውሮፓ ሥርዓት ሲሳል ከግራ የታየው ገጽታ በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ አሜሪካኖቹ ግን ከግራ የታየውን በግራ ያስቀምጣሉ። በየትኛው ሥርዓት እንደተሳለ የሚያሳየው ምልክት ካልተጻፈ ግራና ቀኝ የማይመሳሰል ዕቃ እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ ይሠራል፤ ልኬቱ ሁሉ ልክ ሆኖ አይገጥምም። አንድ በሦስት አቅጣጫ የተሳለ ምስል ወይም ስቴፕ ፋይል ማያያዝ ይህንን ያስቀራል።

የብረት ስምም ይቀየራል፤ ሲ45 እዚያ 1045 ነው የሚባለው። ፎቶ ላይ ተመርኩዘው ልኬት አያውጡ፤ ወንድምዎ ዕቃው አጠገብ ካሊፐር አስቀምጦ የሚታየውን ቁጥር ጭምር ያንሳው፣ የሚገጥምበትንም ዕቃ ይለካ። የተሰበረውን ራሱን መላክ ከተቻለ ደግሞ ይላከው፤ ዋጋ ሲጠይቁ ከንድፉ ጋር ያያይዙትና «ሁለቱ ከተለያዩ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ደውሉልኝ» ብለው ይጻፉበት። ወርክሾፑ የሚሰጥዎ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ በር ላይ የሚረከቡበት ነው። ማጓጓዣውንና አዲስ አበባ ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ ለማስላት የተጠናቀቀውን ዕቃ ክብደት እንዲጽፍልዎ አብረው ይጠይቁት።